ወተት በቦዳ

ገበያ አደረች ስላችሁ ለወግ ያህል እንዳይመስላችሁ፤ ዛሂዳ እውነትም ገበያ ውስጥ ነበር የምታድረው። ቀን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥበትን መደብ ሲመሽ ካርቶን ታነጥፍበትና፣ ከላይ አጎበር ወጥራ ትተኛለች። በግራዋ ጎረቤቷ የምትሸጠው፣ ማቶኬ የሚሉት የሚቀቀል ሙዝ ክምር፣ በቀኟ የድንች ማዳበሪያ፣ ራስጌዋ ደግሞ ሚዛኑ ነው። አሥር ሌሊት እንዲህ አሳልፋለች።

ነገሩ ይኼ ኮሮና የሚሉት መዓት ካምፓላ የገባ ሰሞን ነው። ሱቅ ይዘጋ ተባለ፤ ትምህርት ቤት ይዘጋ ተባለ፤ መኪና አይንቀሳቀስ፣ ሞተር ሳይክሉ ቦዳም ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ተባለ። ምግብ የሚሸጥ ብቻ ይሽጥ፤ እሱም ቢሆን እየተመላለሰ በሽታ እንዳያመላልስ እዚያው ገበያው ውስጥ ይደር ተባለ። እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ገበያ ተቀምጦ ሽንኩርትና ድንች የሚሸጠው ማነው? ሴት ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ የሚይዘውስ? እሷው ናት። ይህን ያሰቡ ሰዎች የዕለት ምሳቸውን ማን እንደሚያቀርብላቸው ረስተውት መሆን አለበት።

የዛሂዳ ባል ሙሐመድዘይን ዋንዴገያ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ የስልክ ሱቅ አለው። ቻርጀር ይሸጣል፣ የተሰበረ ስክሪን ይቀይራል። ተማሪው ሲበተን ሱቁ ተዘጋ፤ እሱም ኪሱጉ ካለው ቤታቸው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው እንግዲህ የዛሂዳ መደብ ብቻ ሆነ። ያን መደብ ደግሞ እንዲሁ አላገኘችውም። ከከሚሴ መጥታ ካምፓላ በገባች በዓመቷ ነው በርበሬና ቅመም በዘንቢል ይዛ በየሰፈሩ መዞር የጀመረችው። ስድስት ዓመት ዞራ፣ ያንኑ ስድስት ዓመት ተመዝግባ ጠብቃ ነው መደቡ የደረሳት።

«አንተ ሄደህ ሽጥልኝ፣ እኔ ልጆቼን ልያዝ» ብላው ነበር። አልሆነም። ፈቃዱ በእሷ ስም ነው፤ ፎቶዋም የገበያው ኮሚቴ መዝገብ ላይ ተለጥፏል። ደግሞስ ሙሐመድዘይን ዝንጅብልን ከእርድ የማይለይ ሰው ነው። ከሁሉም የከፋው፣ ከገበያው አንዴ የወጣ አይመለስም። መደብ የሚጠብቁ ሰዎች ስም ዝርዝር ኮሚቴው በር ላይ ተለጥፏል፤ የአንዷ እግር ሲወጣ የሌላዋ ይገባል። ሕፃን ይዞ መግባትም ክልክል ነው።

ሕፃን ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ሃፍሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሙሀነድ ስድስት፤ ትንሹ ኡዋይስ ግን ገና የስምንት ወር ጡት ጠቢ ነው። ቤት ውስጥ የሙሐመድዘይን እናት እማማ ሲቲና አሉ። እሳቸው ደግሞ ወገባቸው እንቢ ካላቸው ቆይቷል፤ ልጁን ጭናቸው ላይ ሲያስቀምጡላቸው ያጫውቱታል እንጂ ተነስተው ሊያነሱት አይችሉም።

«አብሽሪ» አላት ሙሐመድዘይን ስትወጣ። «ልጅ መያዝ ምን አለው?»

ምን አለው! በመጀመሪያው ቀን ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለ። «ዛሂ፣ የሙሀነድ ካልሲ የት ነው?» «ዛሂ፣ ለሩዙ ስንት ኩባያ ውሃ ነው?» «ዛሂ፣ ሃፍሳ ትምህርቱ በሬዲዮ ነው እያለች ነው፤ የትኛው ጣቢያ ነው?» ዛሂዳ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣብቃ፣ በአንድ እጇ ዝንጅብል እየመዘነች፣ በሌላው መልስ እየሰጠች፣ ካልሲውም ኩባያውም ጣቢያውም የት እንዳለ ትነግረዋለች። እግሯ ገበያ ይሁን እንጂ ሐሳቧ ከኪሱጉ ቤት ንቅንቅ አላለም።

የጡቱ ነገር ግን በስልክ የሚሆን አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ቀሚሷ ከፊት ለፊት ርሶ፣ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ ትኩሳት ትኩሳት ይላት ጀመር። ያዳነቻት ማቶኬ ሻጯ ጎረቤቷ ናንቶንጎ ናት። ናንቶንጎ ስድስት ልጆች የወለደች፣ ሳቋ ከገበያው ጫፍ ጫፍ የሚሰማ ሴትዮ ናት። ከክምሩ ኋላ ወሰደቻትና፣ እያሸች፣ በግማሽ ስዋሂሊ በግማሽ ሉጋንዳ እየተቆጣች፣ እንዴት እንደሚታለብ አሳየቻት። «ለምን ይደፋል? ላኪለት እንጂ!» አለቻት።

ላከችለት። በፈላ ውሃ የታጠበ ጠርሙስ ተገኘ፤ ዓሣ ሻጮቹ በረዶ ሰጡ። ወደ ኪሱጉ ሽንኩርት የሚያደርሰው ባለ ቦዳ ኪዛ ጠርሙሱን ከሽንኩርቱ ጋር ጫነው። እናትየዋ መሳፈር አትችልም፤ ሰው ናታ። ወተቷ ግን ዕቃ ነውና ይሄዳል። አንድ ቀን ፖሊስ መንገድ ላይ አስቆመውና «ይኼ ምንድነው?» አለው። ኪዛ «የእናት ወተት ነው ጌታዬ» ቢለው፣ ፖሊሱ አፍሮ መንገዱን አሳየው። ኪዛ ይህን ለገበያው ሁሉ አወራው፤ ዛሂዳም ሳቀች። በእነዚያ አሥር ቀናት የሳቀችው በዚያ ብቻ ነው።

ኡዋይስ መጀመሪያ መጀመሪያ በማንኪያ ትንሽ ትንሽ ይቀምስላቸው ነበር። በሳምንቱ ጡጦውን ገፋ። ከዚያ ማንኪያውን ገፋ። ከዚያ አጥሚቱንም ይተፋው ጀመር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሙሐመድዘይን ደወለ። ድምፁ ሻክሯል።

«ጠርሙሱን ከሩቅ ሲያይ ነው የሚያለቅሰው» አላት። «ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። አሁን ደግሞ ማልቀሱንም ተወው።»

ማልቀሱን መተዉ ነው ዛሂዳን ያስደነገጣት።

«ስንቴ ሸና?»

«ምን?»

«ከትናንት ጀምሮ ስንቴ ሸና? ጨርቁን ስንቴ ቀየርክለት?»

ከኋላው ሙሀነድ የሆነ ነገር ሲጥል ይሰማል። «መቁጠር ነበረብኝ እንዴ?» አለ።

ያ ረቢ! ዛሂዳ ስምንት ወር ሙሉ ሳታስበው ስትቆጥር ነው የኖረችው። ስንቴ ጠባ፣ ስንቴ ሸና፣ ስንት ሰዓት ተኛ፤ የሃፍሳ ሳል ስንተኛ ቀኑ ነው፣ የእማማ መድኃኒት ስንት ፍሬ ቀረው። ይህን ሁሉ ማንም ቁጠሪ አላላትም፤ ካልቆጠረች ግን የሚቆጥር የለም።

«ልመጣ ነው» አለችው።

«መደቡስ?»

«መደቡን ጅብ ይብላው! ልጄ ነው የሚበልጥብኝ!»

«ዛሂ፣ አንዴ ስሚኝ...»

«ምኑን ነው የምሰማህ? ስድስት ዓመት የለፋሁበት ነው፣ አውቃለሁ። አንተ ትነግረኛለህ እንዴ? ልጄ ግን እየደረቀ ነው!»

ሙሐመድዘይን «እስከ ምሳ ሰዓት ጠብቂኝ» አለ። «አደራ፣ እንዳትወጪ።» ስልኩንም ዘጋው።

እስከ ምሳ ጠብቂኝ! ምን ሊያደርግ? ሐኪም ቤት እንዳይወስደው መኪና የለም። ዛሂዳ እየተናደደች፣ እያነባች፣ ዝንጅብሉን ወደ ማዳበሪያ መመለስ ጀመረች። የኮሚቴው ሰውዬ ወሬው ደርሶት እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ መጣና «ልትለቂ ነው?» አላት። ናንቶንጎ በመሃላቸው ገብታ ያን ሁሉ ሰውነቷን ገተረችበት። «ምሳ ሰዓት አልደረሰም። ሂድ!»

ከጠዋት ጀምሮ ሲጥል የነበረው ዝናብ ስድስት ሰዓት ሲሆን አባራ። ከዋናው በር በኩል ጫጫታ ተሰማና አንዷ ሴት «ዛሂዳ! ዛሂዳ! ነይ የአንቺን ጉድ እዪ!» እያለች በሩጫ መጣች። ዛሂዳ ማዳበሪያውን ጥላ ሮጠች።

ከበሩ ውጭ ሰው ተሰብስቧል። የሚስቅ አለ፤ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽ አለ። መጀመሪያ የለየችው ሰውየውን አይደለም፣ ዛጎሉን ነው። ሃፍሳ ስትወለድ እናቷ ከከሚሴ የላኩላት፣ ዳር ዳሩ በዛጎል የተሰፋ አንቀልባዋ ነው። አንቀልባው ያለው ግን አንድ ኮፍያ ያደረገ ወንድ ጀርባ ላይ ነው!

ወይ ጉድ! የወሎ ወንድ እኮ ኩንታል ይሸከማል፤ በሽተኛ በቃሬዛ ተራራ ያሻግራል። ልጅ ግን አያዝልም። አቅፎ ያጫውታል፣ ትከሻው ላይ ያስቀምጣል እንጂ፣ አንቀልባ ጀርባው ላይ አስሮ አደባባይ የወጣ ወንድ ዛሂዳም አላየች፣ እናቷም አላዩ። ሙሐመድዘይን ደግሞ ሱሪው ካልተተኮሰ ከቤት የማይወጣ፣ ሰው ምን ይለኛል የሚል ሰው ነው። አሁን ያ ሱሪ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። አንቀልባውንም ዘቅዝቆ ነው ያሰረው፤ አንዱ ጠፍር በብብቱ ሥር፣ ሌላው አንገቱ ላይ ዞሮ ሊያንቀው ደርሷል። የኡዋይስ ራስ በጎን ዘንበል ብሎ ወጥቷል።

ሙሐመድዘይን ከአስካሪው፣ ከበሩ ዘበኛ ጋር ተያይዟል። በሩ ላይ ከሻጮቹ ጋር መገናኘት የሚፈቀደው ለቤተሰብ ብቻ ነው።

«የሚስትህ ስም?» ይላል አስካሪው የሻጮቹን ዝርዝር እያየ።

«ዛሂዳ ይማም።»

«የአንተስ?»

«ሙሐመድዘይን እንድሪስ።»

«የልጁስ?»

ሙሐመድዘይን የክትባት ካርዱን አሳየው። «ኡዋይስ ሙሐመድዘይን።»

አስካሪው ሦስቱንም በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው። «ይማም፣ እንድሪስ፣ ሙሐመድዘይን። ሦስት ሰው፣ ሦስት ቤተሰብ። እንዴት ነው ሚስትህ የምትሆነው?»

«እኛ ጋ ሴት ስታገባ ያባቷን ስም አትተውም! ልጁም የሚጠራው በእኔ ስም ነው!» ሙሐመድዘይን በእንግሊዝኛ ጀምሮ፣ በስዋሂሊ ቀጥሎ፣ ሲናደድ አማርኛ ውስጥ ገባ። አስካሪው ራሱን ነቀነቀ። የአገራችን ሰው በየኬላው የሚጣላበትን ነገር እዚህም የሽንኩርት ገበያ በር ላይ ተጣላበት።

ናንቶንጎ ግን ክርክር አትወድም። «ወደ ማቶኬው በር!» ብላ ጮኸች፤ በእጇም መንገዱን አሳየችው።

የማቶኬው በር የጭነት መኪና የሚራገፍበት የኋላ በር ነው። ሰንሰለት ታስሮበታል፤ ከብረቶቹ አንዱ ግን ከወለቀ ዓመት አልፎታል። ሙሐመድዘይን ዞሮ ደረሰ። ጠፍሩን ለመፍታት ሲታገል ዛሂዳ በክፍተቱ እጇን አስገብታ ፈታችለትና ልጇን ወደ ውስጥ ተቀበለችው። ቀለለባት።

ሴቶቹ ኩታቸውንና ሽርጣቸውን ዘርግተው ጋረዷት። ኡዋይስ ዓይኑን ገልጦ አያት። አያት እንጂ አላወቃትም፤ የታችኛው ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ ጭምብሉን አላወለቀችም። ወደ አገጯ ጎትታ አወረደችው።

«ኡዋይሴ» አለችው። «እኔ ነኝ እኮ። እናትህ ነኝ።»

ጡቷን ሰጠችው፤ ያዘና ለቀቀ። አለቀሰ። እንደገና ያዘ፣ እንደገና ለቀቀ። ረስቶኝ ከሆነስ? ቢጠላኝስ? በሦስተኛው ያዘና አልለቀቀም። ሲውጥ፣ ደግሞ ሲውጥ ተሰማት። ወተቷ ከላይ እስከ ታች እየወጋት ወረደ።

«አልሃምዱሊላህ» አለ ሙሐመድዘይን ከብረቱ ማዶ፤ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ።

ይህን ጊዜ ነው ሴቶቹ እልልታውን ያቀለጡት። «ባል ማለት ይኼ ነው!» አለች አንዷ። «እግዜር ዕድሜህን ያርዝመው!» አለች ሌላዋ። አንዷ አናናስ ሰጠችው። ሌላዋ የጣፋጭ ሙዝ ዘለላ አቀበለችው። ሦስተኛዋ ሸንኮራ ይዛ መጣች። አንዲት አሮጊት በብረቱ መሃል እጃቸውን ሰደው ኮፍያውን ዳሰሱት። ሙሐመድዘይን አናናሱን ታቅፎ፣ አፍሮም ደስ ብሎትም፣ ፈገግ ይላል።

ዛሂዳ ወደደችው። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራቸው እንደዚያች ቅጽበት ወዳው አታውቅም። ደግሞም አንጀቷ አረረ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ አንዱን አላጠፋውም።

«ዘይን» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሃፍሳንም ሙሀነድንም እያዘልኩ እኮ ነው ያንን ሁሉ ዓመት የዞርኩት። ከፊት ዘንቢል፣ ከኋላ ልጅ። በዚህ በር ስንቴ አለፍኩ። አንድ ሰው እንኳ አንዲት ሙዝ አልሰጠኝም።»

የሙሐመድዘይን ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። አናናሱን አየው፤ መሬት አስቀመጠው።

«በርቺ ያለሽም የለም?»

«ማን ይበለኝ?»

«እኔም ብዬሽ አላውቅም» አለ።

ዛሂዳ ያኔ አለቀሰች። አሥር ሌሊት ካርቶን ላይ ስትተኛ ያላለቀሰችውን ነው ያለቀሰችው። እሱ ጣቱን በብረቱ አሾልኮ የልጁን እግር ያዘ። እስኪወጣላት ድረስ ጠበቃት።

ቆይቶ እንዴት እንደመጣ ነገራት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ «እማ፣ ዛሂዳ ልትመጣ ነው፤ መደቡ ሄደ» ሊላቸው እናቱ ጋ ገባ። እማማ ሲቲና «አንቀልባውን አምጣ» አሉት። ሊያዝሉት መስሎት «አትችይም እኮ እማ» አላቸው። «እኔማ አልችልም። ጀርባህን አዙር!» አሉት።

«ሰው ምን ይለኛል አልኳት» አለ ሙሐመድዘይን። «ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? አባትህ አንድ ቀን እንኳ አዝሎልኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ወገቤ እንዲህ አይሆንም ነበር አለችኝ።»

ከኪሱጉ እስከ ገበያው አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እሱ ግን የአገር ሰው እንዳያየው ብሎ በባቡር ሐዲዱ በኩል ዞሮ፣ ጭቃ ውስጥ እየገባ፣ ሁለት ሰዓት ፈጅቶበታል። እናቱ ያሰሩለት መንገድ ላይ ሲላላበት ደግሞ ራሱ ነው ያሰረው። «እንዴት አድርገሽ ነው ቀጥ ብለሽ የምትሄጂው? ወገቤን እኮ ቆረጠኝ!» ሲላት፣ በዕንባዋ መሃል ሳቀች።

ኡዋይስ ጠግቦ እንቅልፍ ወሰደው። ዛሂዳ «ጀርባህን ስጠኝ፤ ጎንበስ በል» አለችው። እጆቿን በክፍተቱ ሰዳ ልጁን ጀርባው ላይ አስተካከለችና ጠፍሮቹን በትከሻው አሳለፈችለት። «ደረትህ ላይ አጣምራቸው። ወደ ኋላ መልስልኝ። አሁን ሳብ!» ሳበው። «ስትራመድ ትከሻህን አትስበቅ።» እሺ አለ። ሄደ።

ዛሂዳ አንድ ነገር ልትለው ፈልጋ ዋጠችው። የጠባ ልጅ ማታ መልሶ ይርበዋል። ግን እንዴት ትበለው? ሰውዬው እግሩ ተልጧል፤ ጠዋት እንደዚያ ለፍቶ መጥቷል፤ ዛሬ መምጣቱስ መቼ ታስቦ ያውቃል? ነገ ጠዋት ከመጣ እንኳ ተመስገን ነው አለች። አያችሁ ሴት ስትባል! በትንሽ መርካት ከመልመዷ የተነሳ ለልጇ ረሃብ እንኳ ይሉኝታ ይዟታል።

ወደ መደቧ ተመልሳ ዝንጅብሏን ከማዳበሪያው ደግማ አወጣች። የኮሚቴው ሰውዬ ራቅ ብሎ አይቷት እርሳሱን ኪሱ ከተተ። እሷ ግን ጆሮዋ ስልኩ ላይ ነበር። ደርሰው ይሆን? ዝናብ አግኝቷቸው ይሆን? ደወለች፤ አላነሳም። ደግማ ደወለች፤ አላነሳም። ሚዛኑ ላይ የምታየው ቁጥር ዓይኗ ውስጥ አልገባ አለ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ናንቶንጎ ከማቶኬው በር በኩል ጠራቻት። የሰዓት እላፊው ሳይገባ የሚሸምተው ሰው ግር ብሎ መጥቷል፤ ሴቶቹ ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው፣ ቀና ብሎ ያየ የለም። ሙሐመድዘይን ከበሩ ማዶ ቆሟል። ጫማውን በነጠላ ጫማ ቀይሯል፤ ጠፍሩ ደረቱ ላይ በወጉ ተጣምሯል፣ ኡዋይስ በትከሻው ላይ ብቅ ብሎ ጣቱን ይጠባል። ላቡ ፊቱን አጥቦታል።

ዛሂዳ ክው አለች። «ምን ሆነ? አመመው? ለምን ስልክ አታነሳም?»

«ምን ይሆናል? ሁለት ጊዜ ሸንቷል፤ ቆጥሬያለሁ» አላት እያለከለከ። «ስልኩን ሃፍሳ ጋ ረስቼው ነው። ዋናውን መንገድ ይዤ ስሮጥ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ምነው ተመለስክ?»

ግራ ገብቶት አያት።

«ማታስ አይርበውም እንዴ?»

ዛሂዳ ጭምብሏን አወረደችና እጆቿን በብረቶቹ መሃል ዘረጋች።